በቤት ማስተማር ለየትኛው ልጅ ይጠቅማል?



በዚህ ዓመት በሰፈራችን ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም «ትናንሾቹን ልጆች ከትምህርት ቤት አውጥቶ በቤት ማስተማር አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። አንዱ ይሻላል ይላል፤ ሌላው የሰነፍ አሳብ ነው ብሎ ይቆጣል። እኔም በገዛ ቤታችን ከመስከረም ጀምሮ የሆነውን በቅርብ ስለ ተመለከትሁ አሳቤን ለመጽሔታችን አንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ። አሳቤም ይህ ነው፤ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች የአንድ እናት ልጆች ስለ ሆኑ ብቻ ባንድ ቀን፣ ባንድ ፍርድ ከትምህርት ቤት ሊወጡ አይገባም። ለአንዱ ልጅ መድኀኒት የሆነው ቤት ለሌላው ልጅ ወጥመድ ይሆናልና።

በመጀመሪያ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ላስታውስ። አሊዩ አምባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከማየቷ አስቀድሞ ልጆቿን ታስተምር ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊው ሻምበል ሐሪስ ወደ አንኮበር ሲወጣ በዚህች ከተማ አልፏል። በዚያን ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በዓርብ ገበያ ይገናኙ ነበር። እንግዲህ የነጋዴ ልጅ አሞሌ ጨው እየቆጠረ ሒሳብን፣ ከእንግዳው ጋር እየተጫወተ ቋንቋን ይማር እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በቁርኣን ቤትም ያለውን ሥርዓት ሁላችን እናውቀዋለን። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ሉሕ አለው፤ አንዱ ገና ፋቲሓን ሲቀራ ሌላው ብዙ ርቆ ሄዷል፤ ሸኹም አንዱን ስለ ሌላው ብለው አያቆሙትም፣ አያባርሩትምም። ከበላያችን ባለው ደጋ፣ በቄስ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ሀ ሁ ሲቆጥር ከጎኑ የተቀመጠው ዳዊት ይደግማል።

እነዚያ የጥንት መምህራን የልጅን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር የሚያስረዳኝ አቡጊዳ ነው። ልጅ ፊደልን በተርታው ሲቆጥር ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ መካከል ላይ ጣት አኑረው «ይህች ማን ናት?» ቢሉት ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። ፊደሎቹ ከተርታቸው ወጥተው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያሉ ሲመጡ ልጁ በዜማው መሸሽ አይችልም፤ በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ያሰበ ሰው ማን እንደ ሆነ ባላውቅም ከብዙ ዘመናዊ መጽሐፍ የሚበልጥ ዘዴ ይመስለኛል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቤት መማርም ቢሆን በታላላቆች ዘንድ የታወቀ ነው። የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲያውቁ አባ ሳሙኤልንና ዶክተር ቪታሊያንን መምህር አድርገው ሰጥተዋቸዋል። ከአሜሪካም የቶማስ ኤዲሶን ታሪክ ዘወትር ይጠቀሳል። መምህሩ አእምሮው የተዛባ ነው ስላለው እናቱ ጥቂት ወራት ብቻ ከተማረበት ትምህርት ቤት አውጥታ በቤት አስተማረችው። ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘላሉ፤ የኤዲሶን እናት ከትዳሯ በፊት የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ራስ መኰንንም ለልጃቸው መምህር አዘጋጅተዋል። ቤት ሲያስተምር ሁልጊዜ በውስጡ ጊዜ ያለው አስተማሪ አለ። በእኛ ቤት ያ ሰው ማን ነው? እናት ሳይነጋ ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች፣ ገበያ ትወጣለች። አባት ከማሽላውና ከማሾው ጋር ነው። ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

አሁን የቤታችንን ነገር ልናገር። ከእኔ በታች ሦስት ልጆች አሉ። ወንድሜ 12 ዓመቱ ነው፤ እኅቴ 10 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። ወንድሜና እኅቴ ሁለቱም አራተኛ ክፍል ነበሩ። ይህም የሆነው እርሱ ሁለት ጊዜ ስለ ወደቀ ነው። ወንድሜ በገበያ የመልስ ገንዘብ ከአዋቂ ፈጥኖ ያሰላል፤ ፊደል ሲያይ ግን ቀ እና ተ፣ ሰ እና በ ይምታቱበታል። እኅቴ የዓመቱን መጽሐፍ እስከ ኅዳር አንብባ ትጨርሳለች። ትንሹ ሲጠሩት አይዞርም፤ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን ይገባዋል። ይማሩበት በነበረው ትምህርት ቤት (ስሙ ለነገራችን አያስፈልግም) ባንድ ክፍል ከ70 በላይ ልጆች ይቀመጡ ነበር። ወንድሜን ከታናሽ እኅቱ ፊት አቁመው ያስነብቡታል፤ ልጆቹም ይስቁበታል። ትንሹም ከኋላ ተቀምጦ ውሎ ይመለሳል፤ «ፈዛዛ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እናቴ ይህን ባየች ጊዜ «እንግዲያውስ ሦስቱም እቤት ይዋሉ፤ አንቺ ከትምህርት ስትመለሺ ታስተምሪያቸዋለሽ» አለችኝ። አባቴም ተስማማ። እኔም በእውነት ደስ አለኝ፤ መምህርት መሆን የልጅነት ምኞቴ ነውና።

ከወንድሜ ልጀምር፤ ስለ እርሱ የምናገረው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ወር መጽሐፍ አላሳየሁትም። በሰፌድ ላይ አመድ ነስንሼ በጣቱ እንዲጽፍ አደረግሁ። ቀ እና ተን ለየብቻቸው፣ እያንዳንዳቸውን ለሳምንት ያህል፣ ድምፁን ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈ። ከዚያም ከካርቶን ቆራርጬ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል ጻፍሁና እንደ ካርታ በወዝኩት። የአቡጊዳ ነገር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ ሲያነብ የነበረው በዜማ ነበር፤ ክፍሉ ባንድነት ሲጮህ አብሮ ይጮህ ስለ ነበር ማንም አላወቀበትም። ሒሳቡን በማሾ ፍሬ እየቆጠርን ስንሠራ ግን እርሱ ነው እኔን ያስተማረኝ። በጥር ወር አንድ ቀን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ አይሱዙ ላይ የተጻፈውን ከፊደል ወደ ፊደል እየተጓዘ አነበበና «እትዬ፣ ትክክል ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትክክል ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ 70 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ማንኛውም መምህር፣ መልአክ ቢሆን እንኳ፣ በዚህ አኳኋን ሊያስተምረው ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ለወንድሜ ቤት ጠቅሞታል ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ስለ እኅቴ ግን እንደዚህ ማለት አልችልም። ሰው ሁሉ «እርስዋ ጎበዝ ናት፤ ብቻዋንም ትማራለች» ይል ነበር። ነገር ግን በቆላው አገር ቤት የዋለ ልጅ ሥራ አያጣም። ጥቅምትና ኅዳር ማሽላ ወፍ የሚበላበት ወራት ስለ ሆነ ወንዶቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። ማሽላው ሲገባ ግን ወንድ ልጅ ከማማው ይወርዳል፤ የሴት ልጅ ሥራ መክረምና መበጋት የለውም። ጀሪካኑ፣ መጥረጊያው፣ ምጣዱ፣ የጎረቤት ሕፃን ሁሉ ቤት ወደ ዋለችው ልጅ ይመጣል። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እጅ ያጠራት ሴት በአጠገቧ ያለውን እጅ ትጠቀማለች። ወንድሜን ምሽት ላይ በፋኖስ ሳስተምር እኅቴ ደክሟት ተኝታ አገኛታለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በየካቲት ወር አንዲት ጎረቤታችን እናቴን «ልጅቱ ከትምህርት ወጣች እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም መተርጐም አያሻኝም። የቤተሰብ ሕጋችን ሴትም ሆነ ወንድ 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል። ዳሩ ግን ሕጉ ከከተማ እስኪደርስ ድረስ ሴት ልጅን በየቀኑ የሚጠብቃት ደብተሯ ነው። ደብተር ይዛ ስትወጣና ስትገባ የምትታይ ልጅ ገና ተማሪ ናት፤ ማንም አይጠይቅባትም። ቤት ከዋለች ግን በሰው ዓይን አደገች ማለት ነው።

ትንሹን በተመለከተ ቤታችን ራሱን ሲያታልል ከረመ። በቤት ሁላችን ጠባዩን ስለምናውቅ በእጅ እናሳየዋለን፣ ቀረብ ብለን እንጮህለታለን፤ እርሱም ይስቃል። «ተሻለው» አልን። ነገር ግን ከደጃፉ ውጭ ከአንድ ልጅ ጋር እንኳ መነጋገር አልቻለም። በእኔ አስተያየት «ፈዛዛ» የተባለ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ጆሮው ሊታይ ይገባል፤ መግል የያዘ ጆሮ የብዙ ልጅ ትምህርት ያጠፋልና። የማይሰማም ሆኖ ቢገኝ ቤት ለብቻው አይበቃውም። በመካከለኛው አሜሪካ ኒካራጓ በምትባል አገር፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየቤታቸው ሲኖሩ ከቤተሰባቸው ጋር በጥቂት ምልክት ብቻ ይግባቡ ነበር። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማናጓ ከተማ ባንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ ግን በጨዋታ ሜዳ ላይ እርስ በርሳቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። ያስተማራቸው ሰው የለም፤ ከእኩዮቻቸው ጋር መዋላቸው በቃ። ይህን ያነበብሁ ቀን ወንድሜ በር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

ምናልባት አንድ ወላጅ «ልጄ በየቀኑ እየተሰደበ ለምን እልከዋለሁ?» ይሉኝ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ስድቡ የልጁን ልብ ይሰብራል፤ በዚህ ላይ ትምህርት ቤቶቻችን መልስ አልሰጡም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ይል ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም እነዚህ ልጆች ከሌሎች ጋር የመማር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ወረቀቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ገብቶ ከቀ እና ከተ ጋር የሚታገለውን ልጅ የሚያይ የሠለጠነ መምህር በገጠሩ ብርቅ ነው። መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ 70 ልጅ የተሰጠው ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል።

ቢሆንም ችግሩ ከማንም በላይ የደረሰባቸው አንዲት እናት ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተባረረባቸው ተቸገሩ። ልጁን በቤት ለማስተማር ዐቅምም እውቀትም ያልጐደላቸው ሰው ነበሩ። እርሳቸው ግን በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ፤ በጥቂት ልጆች ጀምረው በየጓዳው ተሸሽገው የነበሩ ሌሎች ልጆችን አወጡ። ለልጆቹም ያዘጋጁትን የድምፅ ማስተማሪያ ዘዴ በአቡጊዳ ስም ጠሩት፤ ይህን ሳውቅ የካርቶን ቁራጮቼን አስታውሼ ሳቅሁ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው ሥራ የተረዳሁት፣ ልጁ ለብቻው የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ደግሞም ከእኩዮቹ መለየት የለበትም። ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም።

ቤት ለሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት ሲሆን ምን እንደሚሆን በዘመናችን ሁለት ጊዜ አይተናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። ራዲዮ የሌለው ቤት ልጁን ወደ ፍየሎቹ ላከ። ትምህርት ቤት በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ከእኔ ጋር የነበሩ ሴቶች ሁሉም አልተመለሱም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። መንገዱ ሲያስፈራ ልጅን እቤት ማስተማር የግድ ነው፤ እንዲያ ላደረጉ ወላጆች ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። እኔ የምናገረው ደወሉ እየተደወለ፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ ስለሚቀሩት ነው።

ደግሞም የመዝገብ ነገር አለ። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚፈተነው በትምህርት ቤት መዝገብ ስሙ የሠፈረ ተማሪ ነው። በቤት የተማረ ልጅ ምንም ያህል ቢያውቅ፣ በኋላ «የት ተማርህ?» ሲባል የሚያሳየው ካርድ የለውም። ወንድሜ ማንበብ ችሏል፤ በመንግሥት ዓይን ግን ዘንድሮ ምንም አልተማረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶቻችን በፈረቃ ያስተምራሉ። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ፈረቃን ይረግማል፤ እኔ ግን ለእንደ ወንድሜ ያለ ልጅ በረከት ነው እላለሁ። ግማሹን ቀን ከእኩዮቹ ጋር ይውላል፣ ስሙም ከመዝገብ አይፋቅም፤ ግማሹን ቀን አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በራሱ እርምጃ ያስጠናዋል። ያ ሰው እናት መሆን የለባትም። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምን እንሠራለን? በዚህ ትምህርት ቤት ካለነው መካከል ታናሽ የሌለው ጥቂት ነው። በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ብንሰጥ ብዙ ፊደል ይለያል። ከመምህራን የምንለምነው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ የሚያስተምሩትን አስቀድመው በቁራጭ ወረቀት ቢጽፉልን፣ ልጁንም ካልተዘጋጀበት ገጽ ላይ በሰው ፊት ባያስነብቡት ይበቃናል። እንደ እኅቴ ላሉት ፈጣን ልጆች ደግሞ ከቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ የሚዋሱበት መንገድ ቢከፈት መልካም ነበር። መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ ሞልቷል፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ስለ ሆነች ብቻ በሩ ይዘጋባታል።

ይህን አሳቤን በግንቦት ወር ለወላጆቼ አቀረብሁ። አባቴ ስለ እኅቴ ወዲያውኑ ተስማማ፤ የጎረቤታችንን ጥያቄ እርሱም ሰምቶት ኖሯል። በመስከረም ትመዘገባለች፤ ውሃውን ጧት እኔ፣ ማታ ወንድሜ እንቀዳለን። ወንድሜ «ከእርስዋ ጋር ባንድ ክፍል አልቀመጥም» ስላለ በሌላው ፈረቃ እንዲገባ ለማመልከት አስበናል፤ መልሱን እንጠብቃለን። ስለ ትንሹ ግን እናቴ እስካሁን አልወሰነችም። በመጀመሪያ ጆሮውን ለማሳየት ይዛው ልትሄድ ነው፤ ሐኪሙ የሚለውን ሰምታ፣ ከፊተኛው ወንበር የሚያስቀምጠው መምህር ካገኘች እንደምትልከው ነግራኛለች። ከመምህራን መካከል ይህን የሚያነብ ካለ፣ ልጁ በግራ ጆሮው በኩል ሲያናግሩት ይሻለዋል።